አስሜን የደበቅንባቸው ዓመታት

ይህን የምጽፈው፣ ልጁ ሲተነፍስ ደረቱ እያፏጨ ጎረቤት እንዳይሰማ በር የሚዘጋ ወላጅ ካለ ብዬ ነው። የእኔም ወላጆች እንዲህ አድርገዋል። ክፉ ሰዎች ስለነበሩ አይደለም፤ ፈርተው ነው።

ያደግሁት ሮቤ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ። ያኔ ሮቤ አንድ አውራ መንገድና ግራና ቀኝ የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ከቤቶቹ ጀርባ ወዲያው የስንዴና የገብስ እርሻ ይጀምርና እስከ ሲናና ድረስ ይዘልቃል። አባቴ አቶ ተሰማ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። አባቱ ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን እዚያው ባሌ ተወልዶ ስላደገ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እኩል ነበር የሚናገረው። እናቴ ዘነበች ትባላለች። እኔ እጅጋየሁ የመጀመሪያ ልጃቸው ነኝ፤ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ የማይሆንላት ልጅ ነበርኩ። ሩጫ፣ ዝላይ፣ አጥር ላይ መውጣት። እናቴ «እግርሽ ውስጥ ምን ገብቶብሻል?» ትለኝ ነበር።

ስምንት ዓመቴ ላይ፣ በአጨዳ ወቅት፣ ሳል ጀመረኝ። ሳሉ ሲቆይ ፉጨት ተከተለው። አንድ ማታ እናቴ ራት እያቀረበች ቆም አለችና «ይቺ ድመት ከየት ገባች?» ብላ አልጋ ስር ጎንበስ አለች። ድመት አልነበረም። ድምፁ ከእኔ ደረት ነበር የሚወጣው።

ከዚያ በኋላ ሌሊቶቹ ከፉ። ስተኛ ደረቴን በጠፍር ጠፍንገው ያሰሩኝ ይመስለኛል። እነሳለሁ። ቁጭ እላለሁ። እቆማለሁ። የቤቱን ምሰሶ ይዤ ወደ ፊት እደፋለሁ፤ ደግሞ ትቼው ወደ በሩ እሄዳለሁ፤ በሩ ጋ ያለው አየር ከቤቱ አየር የተሻለ ይመስለኛል፤ አይሻልም፤ እመለሳለሁ። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ከኋላዬ ትከተለኛለች። ሁለታችንም አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስንዞር ይነጋል።

መጀመሪያ «ብርድ ነው» ተባለ። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል ጠጣሁ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅለው በብርድ ልብስ ሸፍነው ሲያጥኑኝ ይብስብኝ ነበር፤ ስፈራገጥ «ቻይው፣ እየወጣልሽ ነው» ይሉኛል። ቀጥሎ አባቴ ከሰፈራችን መርፌ ወጊ ዘንድ ወሰደኝ። ሰውየው የቀድሞ ወታደር ነበር፤ ቤቱ ውስጥ መርፌ እየቀቀለ ይወጋል። ጆሮውን ጀርባዬ ላይ ለጥፎ ትንሽ አዳመጠና አባቴን ወደ ውጭ ይዞት ወጣ። አባቴ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሳንባዋ ተነክቷል» አላት እናቴን። የሳንባ ነቀርሳ ማለቱ ነው። «ከዚህ ቤት አንዲት ቃል እንዳትወጣ!»

በየማለዳው ስወጋ ከረምኩ። ቂጤ ደነደነ፣ ጆሮዬ ይጮህ ጀመር። የራሴ ሳህንና የራሴ ኩባያ ተለየልኝ። ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ እንዳይተኛ ተደረገ። ከትምህርት ቤት ቀረሁ፤ ለጠየቀ ሁሉ «አያቷ ዘንድ ናት» ይባላል፤ እኔ ግን በመስኮቱ ቀዳዳ መንገዱን ሳይ እውላለሁ። አጥር የምንጋራት ጓደኛዬ ረሒማም በዚያው ሰሞን ብቅ ማለት ተወች። ስለ በሽታዬ ሰምተው ከለከሏት ብዬ ደመደምኩ። ከሳሉ ይልቅ ይህ አንገበገበኝ።

ክረምቱ ሲገባ ተሻለኝ። አባቴ «መርፌው ሠራ!» አለ። ትምህርት ቤት ተመለስኩ፣ ሮጥኩ፣ ዘለልኩ፤ ረሒማ ግን አልተመለሰችም። ስንዴው ደርሶ አውድማው ላይ ገለባ መብነን ሲጀምር ግን ያው ድመት ደረቴ ውስጥ ተመልሳ ገባች።

እናቴ በዚህ ጊዜ አባቴን አላማከረችም። «የሳንባ በሽተኛ እንዲህ ይበላል? እንዲህ ይወፍራል?» እያለች ከራሷ ጋር ስትነጋገር ከርማ፣ አንድ ማለዳ ጎባ በሚሄድ የእህል መኪና ላይ ጫነችኝና ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ከተራራው ማዶ በበቅሎ የመጡ፣ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ያደሩ ሁሉ አሉ። አግዳሚው ላይ አንድ ቁራጭ ቦታ አገኘንና ተራ መጠበቅ ጀመርን። መቀመጥ ግን አልቻልኩም። ተነስቼ ግድግዳውን እይዛለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ትከሻዬ ከጆሮዬ ጋር እኩል ይነሳል።

ከደሎ መና የመጡ አንድ ሽማግሌ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና የተራ ካርዳቸውን ለእናቴ ዘረጉላት።

«እንኪ፣ ቀጣዩ እኔ ነኝ። አንቺ ግቢ።»

«ኧረ አባቴ፣ እርስዎም እኮ ታመው ነው።»

«እኔ ጉልበቴን ነው። ጉልበት እስከ ነገ ይቆየኛል። የልጅቷ ትንፋሽ እስከ ነገ አይቆይም።»

ስማቸውን እንኳ አልጠየቅናቸውም። ግብራቸውን ግን አልረሳሁትም።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፤ አንድ አስተርጓሚ አብሮት ቆሟል። ደረቴን በማዳመጫው ከፊትና ከኋላ አዳመጠና እናቴን ይጠይቃት ገባ፤ ምድጃችሁ የት ነው? ከብቱ የት ያድራል? ልጅቷ የምትተኛው በምን ላይ ነው? እናቴ ቅር አላት። «ልጄ ታማለች ብዬ ብመጣ ስለ ላሜ ይጠይቀኛል?» አለች። ከዚያ ክንዴ ላይ ከቆዳ ስር አንዲት ትንሽ መርፌ ተወጋሁ። ልቤ እንደ ከበሮ ይመታ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እሱን ስፈራ ደረቴ ሳላስበው ለቀቀኝ። አየር ገባ! እንዲሁ፣ ሳልታገለው ገባ። ከስንት ጊዜ በኋላ ያለ ልፋት ተነፈስኩ።

አስተርጓሚው ለእናቴ አስረዳት። «ሳንባዋ ደህና ነው። ወደ ሳንባ አየር የሚወስዱት ቧንቧዎች ናቸው የሚጠቡት። አስም ይባላል። ጭስ፣ አቧራ፣ ብርድ፣ የገለባ ብናኝ ያስነሳዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።»

«አይተላለፍም?»

«አይተላለፍም።»

«ኩባያዋን ከወንድሟ ኩባያ ጋር ባጥበው?»

«ምንም አይሆንም።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ነጫጭ ክኒን በብልቃጥ ሰጡን፤ ሕመሙ ሳይጠና፣ ገና ሲጀምር እንድውጥ አዘዙ።

እኛ ደስ ብሎን ስንመለስ አባቴ ግን አልተደሰተም። «አስም ዕድሜ ልክ ነው። ሳንባ ቢሆን ታክማ ትድን ነበር» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ እኔ የማልሰማ መስሎት፣ «አስም ያለባትን ማን ያገባታል?» አላት እናቴን። ኩባያዬ ከሌላው ጋር ተቀላቀለ፤ ዝምታው ግን ባለበት ቀጠለ። ብሎም፣ ሕመሙ ስቆጣና ሳለቅስ ስለሚብስብኝ፣ አባቴ እያስመሰልኩ መሆኔን መጠርጠር ጀመረ። «ስትፈልግ ትታመማለች» ሲል ሰምቼዋለሁ። ከመርፌው ሁሉ ይህ ቃል ነው የወጋኝ።

በዚያው ዓመት ሮቤ ክሊኒክ ሲስተር ሙሉነሽ የምትባል ነርስ መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ወደ ሌላ ሥራ የምትሮጥ ወጣት ነበረች። በጥቂት ሳምንት ውስጥ አንድ ነገር ልብ አለች፤ ደረታቸው የሚያፏጭ ልጆች በተለያየ ቀን፣ ማልዶ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ተሸፋፍነው ይመጡባታል፤ እናቶቹም ሁሉ «እባክሽ ሰው አይስማ» ይሏታል። አንድ ቀን ለእያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ቀጠሮ ሰጠቻቸው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት።

እናቴና እኔ ስንደርስ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው የረሒማ እናት አደ ዘይነባ ነበረች፤ «አደ» በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ነው። ባሏ ከደሎ መና ቡናና ማር የሚያመጣ ነጋዴ ነው። እናቴ ደነገጠች፤ አደ ዘይነባም ደነገጠች።

«አከም ጅርታ፣ ዘነበች? ደህና ነሽ? ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«ነጋ ነው፣ ደህና ነኝ፣ ይመስገን። እ… ራሴን አሞኝ። አንቺስ?»

«እኔ ጥርሴን።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ከእኔ ደረት ፉጨት ወጣ፤ ከአደ ዘይነባ ሻሽ ስር ደግሞ ሌላ ፉጨት መለሰለት። ረሒማ ነበረች። ተያየን። ለካ እሷም ቤት ተዘግቶባት ነው! እሷም እኔን «ሰምተው ከለከሏት» ብላ ነው የከረመችው። አንድ አጥር ተጋርተን፣ ሁለት ቤት አንድን በሽታ እርስ በርስ ስንደባበቅ ነበር። መጀመሪያ የሳቀችው አደ ዘይነባ ናት፤ ሳቋ ወዲያው ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ሌሎቹ ሦስት እናቶችም ተራ በተራ ደረሱ፤ አንዷም ሌላዋን ጠብቃ አልነበረም።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል እየተገናኘን እንማር ጀመር። ሲስተር በጠመኔ ቧንቧ ትስላለች፣ ሲጠብና ሲሰፋ ታሳያለች። አማርኛ ለማይገባቸው አደ ዘይነባ ትተረጉማለች። እኛ ልጆቹ ሕመሙ ሲነሳ እንዴት እንደምንቀመጥ ተማርን፤ ቀጥ ብሎ፣ ክንድን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፣ በአፍንጫ ስቦ ከንፈርን አሹሎ ቀስ ብሎ ማውጣት። አደ ዘይነባ «ሱታ፣ ሱታ» እያለች ታለማምደን ነበር፤ ቀስ፣ ቀስ ማለት ነው። ለእኔ ከትምህርቱ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ቀስ ማለት አላውቅም ነበርና።

ለእናቶች የነበረው ትምህርት ሌላ ነው። የገለባ ፍራሹን አውጥታችሁ ጣሉት። ከብቱን ከመኝታ ቤት አውጡ። ምድጃውን ለብቻው ሥሩ። ማድ ቤት የሌላቸው ስለነበሩ ለአንዷ ሌሎቹ ከነቤተሰባቸው በደቦ እየወጡ ይሠሩላት ጀመር። ሲስተር አንድ ደንብ አወጣች፤ የእያንዳንዱ ልጅ ክኒን የት እንደሚቀመጥ አምስቱም እናቶች ይወቁ። «የልጁ እናት ገበያ ብትሆንስ?» ትላለች። «ክኒኑ ቤት ውስጥ እያለ ልጅ አይሙትብኝ።»

አባቴ ነገሩን ሲሰማ ቤቱ ተናወጠ።

«ገበናዬን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፋችሁት?» አላት እናቴን። «ነገ ዳኛው ፊት ስቆም ሰው ምን ይለኛል? ሁለተኛ እንዳትሄጂ!»

እናቴ ግን ቅዳሜ ሲደርስ ዘንቢሏን አንጠልጥላ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ ትወጣለች፤ እኔን «ትሸከምልኛለች» ብላ ትወስደኛለች። ማድ ቤት ማሠራት ግን አልቻለችም፤ ማድ ቤት አይደበቅም። እንዲህ ስንሸሽ ወራት አለፉ። በየቅዳሜው ዘወር ዘወር እያልኩ አያለሁ፤ አባቴ መንገድ ላይ ያገኘን ይሆን? ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይሆን?

ሦስተኛው አጨዳ ደረሰ። በአንድ እሑድ እናቴ ልቅሶ ሄደች፤ ወንድሜንም ይዛ። እኔ ከቤት እንዳልወጣ ተነግሮኛል፤ አባቴ ተቀምጦ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ይጽፋል። ከጓሮ ሰው ሁሉ በበሬ እያበራየ፣ እየዘፈነ፣ ምርት እያዘራ ነው። ትንሽ ቻልኩ። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። በመጨረሻ በጓሮ በኩል ሾልኬ ሮጥኩ። አውድማው አጠገብ ስደርስ ነፋሱ ዞረና ብናኙን እንዳለ ፊቴ ላይ ደፋው።

እንዴት ቤት እንደተመለስኩ በደንብ አላስታውስም። አባቴ ሲያየኝ መጀመሪያ ተቆጣ። ቆይቶ ከንፈሬ መጥቆሩን አየና ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። ተሸክሞ አልጋ ላይ አጋደመኝ፤ እነሳለሁ፤ መልሶ ያጋድመኛል። በርና መስኮቱን ዘጋ፤ ጋቢውን ጫነብኝ። «ተኚ ልጄ፣ ተኚ፣ ያልፍልሻል» ይላል። «ክኒን» ልለው እፈልጋለሁ፤ ለቃሉ የሚሆን አየር የለኝም።

ረሒማ ስሮጥ ከአጥራቸው አይታኝ ነበርና ለእናቷ ነገረቻት። አደ ዘይነባ ሳታንኳኳ፣ ሳታስፈቅድ ገባች።

«አቶ ተሰማ፣ ያንሷት! አያስተኟት! መስኮቱን ይክፈቱ!»

ጋቢውን ገፈፈችው። በቀጥታ ወደ ጓዳ ገባችና ከበርበሬው ገንቦ ጀርባ ብልቃጡን አውጥታ ክኒኑን በውሃ አዋጠችኝ። ወንበር አዙራ መደገፊያው ላይ ክንዴን አስደገፈችኝና እጇን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች። «ሂን ሶዳቲን፣ ኢንተለ ኮ። አትፍሪ ልጄ። ሱታ… ሱታ…» ረሒማን ጋሪ እንድትጠራ ላከቻት። ጋሪው ሲደርስ ሌሎቹ ሁለት እናቶችም ሰምተው ግቢያችን ቆመው ነበር፤ ሦስተኛዋ ቀድማ ሲስተርን ልትጠራ ሮጣለች። አባቴ መሃላቸው እንደ እንግዳ ቆሞ ያያል። ከዚያ አቅፎኝ ጋሪው ላይ ወጣ።

ክሊኒኩ ጎባ የተወጋሁት ዓይነት መርፌ አንድ ብቻ ቀርቶት ነበር። እሱን ተወጋሁ። አባቴ ደጁ ላይ ይመላለሳል፤ ስድስት እርምጃ ወደዚያ፣ ስድስት ወደዚህ፤ በተከፈተው በር አየዋለሁ። ያን ቀን አንድ ቦታ መቀመጥ አለመቻሌ ከማን እንደተወረሰ ገባኝ። ደረቴ ለቀቅ ሲልልኝ አደ ዘይነባን እንዲህ ሲላት ሰማሁት፤

«ክኒኑ የት እንዳለ በምን አወቁ?»

«እንዴ፣ እርስዎ አያውቁም?»

ልታሳፍረው ብላ አልነበረም። እውነትም ገርሟት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ዘንቢሏን ስታነሳ «ዘንቢሉን ተይው። እኔም እሄዳለሁ» አላት። ክፍሉ ውስጥ በልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ ተቀመጠ። ያን ቀን ሲስተር አንድ አንድ የስንዴ አገዳ አደለችና «አፍንጫችሁን ያዙ፣ በአገዳው ብቻ ተንፍሱ፣ አቁሙ እስክላችሁ» አለች። ሁሉም ጀመሩ። አባቴ መጀመሪያ ቀለል አድርጎ ነበር የያዘው። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው መነሳት ጀመረ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ድንገት አገዳውን ወረወረውና አፉን ከፍቶ አየር ጎረሰ።

«በቃኝ! አልችልም!»

«እሷ ወርውራ መገላገል አትችልም፣ አቶ ተሰማ» አለችው ሲስተር።

ዞሮ አየኝ። ተነስቶ ወጣ። ተቆጥቶ የሄደ መሰለኝ። በመስኮቱ ሳይ ግን ባንዲራ መስቀያው አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፤ በመሐረብ ፊቱን ይጠርጋል። ሲመለስ አጠገቤ ተቀመጠና ጭንቅላቴን ሳይነካ፣ ሳያየኝ፣ በቀስታ «ይቅር በይኝ። አስመሳይ ብዬሻለሁ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በሚያውቀው ሙያ ገባበት። ክሊኒኩ ያን መርፌ ሁልጊዜ እንዲኖረው ጎባ ላሉ አለቆች ማመልከቻ ጻፈ። ቅዳሜ ጉባኤው ፊት ቆሞ አነበበው። «እኔ ተሰማ፣ የአስም ሕመምተኛ የሆነችው የእጅጋየሁ አባት…» ብሎ ነበር የሚጀምረው። ያን ስም ከቤት እንዳይወጣ በራችንን የዘጋው ሰው በጉልህ ጽሕፈት፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ አስፍሮታል። የረሒማ አባት ቀጥሎ ፈረመ፤ መጻፍ የማይችሉት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። መልስ አልመጣም። ደግሞ ጻፈ። ሦስተኛውን ራሱ ይዞ ጎባ ሄደና በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ተቀመጠ። መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ መጣ። ማድ ቤታችንንም በደቦ ሠሩልን፤ ጭቃውን የረገጡት የአራት ቤት አባቶች ናቸው።

ድኛለሁ ብዬ አላታልላችሁም። አስሙ አሁንም አብሮኝ አለ። አንድ የትምህርት ዓመት ወስዶብኛል፤ ከዚያም በኋላ ክፉ ክፉ ቀናት አይቻለሁ። ሲስተር ሙሉነሽ ወደ ሌላ ከተማ ስትዛወር ሁላችንም ፈርተን ነበር። ቅዳሜው ግን አልታጠፈም፤ አደ ዘይነባ ጠመኔውን ተረከበች። ልጅ የታመመበት አዲስ ሰው ሲመጣ ቀድሞ ወንበር የሚለቅለት አባቴ ሆነ።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጎባ ገባሁ። የጎባ ብርድ ከሮቤ ይከፋል፤ ከሰኔቲ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጠዋት ጠዋት ደረት ይበሳል። አንድ ማለዳ ዳገቱ መሃል ላይ ያዘኝ። ተማሪው ሁሉ እያየኝ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ክኒኔን ዋጥኩ፣ ክንዴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቀስ እያልኩ መተንፈስ ጀመርኩ። ጓደኞቼ አልፈውኝ ሄዱ። አንዲት የማላውቃት ልጅ ብቻ ቀረች። ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ቅርብም ሳትሆን ሩቅም ሳትሆን ቆመች። ፉጨቱ ቀነስ ሲል ግራና ቀኝ አይታ ጠጋ አለችኝ።

«ታናሽ እህቴ እንዲህ ያደርጋታል» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሳንባ ነው ብለው ጓዳ አስቀምጠዋታል። ሰው እንዳይሰማ።»

ደወሉ ተደወለ። እሷ ወደ ትምህርት ቤቱ ዞረች፤ እኔ ድንጋዩን ተደግፌ ተነሳሁ።

«ቤታችሁ በየት በኩል ነው?» አልኳት።